ሉትሰል ኬ፦ የአያቶች ምድር፣ ጥበቃና እንጀራ (ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች)

ስለ ካናዳ ሰሜን በጻፍኩ ቁጥር አንባቢ ስለ አንዲት ትንሽ መንደር ይጠይቀኛል። ሉትሰል ኬ ትባላለች። "መሬቱን ከጠበቁ ምን ይበላሉ?" ይላል አንዱ። "ማዕድኑን ትተው ፓርክ ማቋቋም ምን ይጠቅማቸዋል?" ይላል ሌላው። ጥያቄዎቹን ሰብስቤ መልስ ለመስጠት ሞክሬያለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሉትሰል ኬ የት ናት? እነማን ይኖሩባታል?

ኖርዝዌስት ቴሪቶሪስ በሚባለው የካናዳ ሰሜናዊ ግዛት ውስጥ ናት። ግሬት ስሌቭ የሚባል ትልቅ ሐይቅ አለ። በአንዳንድ ቦታ 614 ሜትር ይጠልቃል፤ በሰሜን አሜሪካ ከእሱ የሚጠልቅ ሐይቅ የለም። መንደሯ ያለችው በዚህ ሐይቅ ምሥራቃዊ ክንድ ዳር ነው። ከግዛቱ ዋና ከተማ ከየሎውናይፍ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች።

የመኪና መንገድ አይደርስባትም። በበጋ በጀልባ፣ በክረምት በበረዶ ሞተር፣ ዓመቱን ሙሉ ደግሞ በትንሽ አውሮፕላን ይደረስባታል። ነዋሪዋ ከ300 ብዙም አይበልጥም። አብዛኞቹ ዴኔ ናቸው። "ዴኔ" ማለት በቋንቋቸው "ሰው" ወይም "ሕዝብ" ማለት ነው። የሚናገሩት ዴኔሱሊኔ ይባላል። እስከ 1992 ድረስ መንደሯ በካርታ ላይ ስኖውድሪፍት ተብላ ነበር የምትጻፈው። ከዚያ በራሷ ስም ተመዘገበች። ስሙ የመጣው እዚያ ከሚጠመድ አንድ ዓይነት ትንሽ ዓሣ ነው።

እነዚህ ሰዎች በመሬቱ ላይ የኖሩት በአደን፣ በዓሣና በወጥመድ ነው። ዛሬም ከሱቅ የሚገዛው ምግብ በአውሮፕላን ስለሚመጣ ውድ ነው። ስለዚህ ዓሣውና የዱር ሥጋው የባህል ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ምሳና እራት ነው። ከታች ያለውን ሁሉ ስታነቡ ይህን አትርሱ።

ታይደኔ ኔኔ ምንድን ነው?

"የአያቶች ምድር" ማለት ነው። በ2019 ሕጋዊ ጥበቃ ያገኘው ሰፊ መሬት በዚህ ስም ይጠራል። ስፋቱ 26 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እስራኤል ላላችሁ አንባቢዎች፣ ከምትኖሩበት አገር ይሰፋል። ጥቅጥቅ ካለ የሰሜን ደን ይጀምርና ዛፍ ወደማይበቅልበት ሜዳ ይዘልቃል። ካሪቡ የሚባለው የሰሜን አጋዘን፣ ተኩላ፣ ድብ፣ ጠጉራሙ የበረዶ በሬ ሁሉም ይገኙበታል።

በአማርኛ "ርስት" የምንለው ቃል ይቀርበዋል ብዬ አስባለሁ። ግን ልዩነት አለ። ርስት ለእኛ ተካፍለው የሚወርሱት ነገር ነው፤ ይህን ምድር ማንም አይካፈለውም።

በ1969 መንግሥት "ፓርክ እናድርገው" ሲል ለምን እምቢ አሉ?

ይህ ለእኔ የታሪኩ ልብ ነው። ሰው ብዙ ጊዜ የሚያየው የ2019ን ፊርማና ፎቶግራፍ ነው። ነገሩ የጀመረው ግን ከዚያ 50 ዓመት ቀድሞ ነው።

በ1969 የፌዴራል መንግሥት ሰዎች መጥተው በምሥራቃዊው ክንድ ብሔራዊ ፓርክ ማቋቋም እንደሚፈልጉ ተናገሩ። የያኔው የመንደሩ አለቃ ፒየር ካቶሊክ ነበሩ። አልፈርምም አሉ። አንድ አለቃ ከብዙ ሹማምንት ፊት ብቻውን ተቀምጦ የሚነጋገርበት ጊዜ ማብቃት አለበት ማለታቸው እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። በዚያው ሰሞን የግዛቱ የዴኔ አለቆች በአንድነት ተደራጁ።

ፍርሃታቸው ከሜዳ የመጣ አይደለም። በዚያ ዘመን ብሔራዊ ፓርክ ማለት ሰው የሚወጣበት፣ አውሬ የሚቀርበት ቦታ ነበር። ከሐይቁ በስተደቡብ በ1922 ዉድ ባፋሎ የተባለ ፓርክ ተቋቁሞ ነበር። በካናዳ ከሁሉም ትልቁ ነው። በእሱ ምክንያት የዴኔ ቤተሰቦች ከኖሩበት ተባርረዋል። ሌሎቹ ደግሞ አያቶቻቸው ባደኑበት ቦታ ለማደን ፈቃድ ጠይቁ ተብለዋል። ይህን የሚያውቅ አለቃ "ፓርክ" የሚል ወረቀት ሲቀርብለት ምን ሊል ይችላል? መፈረም ሕዝቡን ማስራብ ነበር የሚሆንበት።

ተፈጥሮን የሚጠብቅ ሁሉ ለነዋሪው ወዳጅ ነው ብሎ ማሰብ ስህተት ነው። መሬትን ከሰው መጠበቅ አንድ ነገር ነው። ሰውንና መሬትን አብሮ መጠበቅ ሌላ ነገር ነው። አለቃ ካቶሊክ እምቢ ያሉት የመጀመሪያውን ነው።

መንግሥት ግን ሐሳቡን ሙሉ በሙሉ አልተወውም። በ1970 ከ7 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መሬት ለወደፊት ፓርክ ብሎ ከለለ። ፓርክ አልሆነም፤ ለማዕድን ፈላጊም አልተሰጠም። ለብዙ ዓመታት እንዲሁ ተቀመጠ።

ታዲያ ሐሳባቸውን ምን አስለወጣቸው?

አልማዝ።

በ1991 ከየሎውናይፍ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ ላክ ደ ግራ በተባለ ሐይቅ አካባቢ አልማዝ ተገኘ። ወሬው እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ። ኩባንያውና ፈላጊው መሬት ለመያዝ ተሻማ። በ1998 ኤካቲ የተባለው የካናዳ የመጀመሪያ የአልማዝ ማዕድን ሥራ ጀመረ። በ2003 ዳያቪክ ተከተለ። ከዚያ ስናፕ ሌክ፣ ከዚያ ጋቾ ኩዌ። ሁሉም የተከፈቱት ካሪቡ በሚመላለስበት ምድር ነው።

የመንደሩ ሽማግሌዎች በዓይናቸው አዩት። ሕጋዊ ጥበቃ የሌለው መሬት ተራው እንደሚደርስ ግልጽ ሆነ። ሌላም ትምህርት ነበራቸው፣ ያውም ቅርብ ያለ። በየሎውናይፍ ከተማ ጃይንት የተባለ የወርቅ ማዕድን ነበር። ወርቁ አለቀ፣ ባለቤቱ ከሰረ። ከሥር ግን 237 ሺህ ቶን የአርሰኒክ መርዝ ቀረ። መርዙ ዛሬም እዚያው ከመሬት በታች ነው፤ ጠባቂው መንግሥት፣ ከፋዩ ግብር ከፋዩ። ቦታው ደግሞ የሉትሰል ኬ ሰዎች ዓሣ ከሚያጠምዱበት ከዚያው ሐይቅ ዳር ነው።

ስለዚህ በ2000ዎቹ መጀመሪያ መንደሩ ራሱ ወደ መንግሥት ሄደ። "ስለዚያ ፓርክ እንነጋገር፣ ግን በእኛ ውል" አለ። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። በ1969 ወረቀቱን ያዘጋጀው ሌላ ሰው ነበር። አሁን የዴኔ ተደራዳሪዎች የራሳቸውን ካርታ ይዘው ቀረቡ። ድርድሩን ለረጅም ጊዜ የመሩት የቀድሞው የመንደሩ አለቃ ስቲቨን ኒታህ ናቸው። ጊዜ ወሰደ። መንግሥታት ተቀያየሩ፣ ጠረጴዛው ግን አልተነሳም።

በ2007 ሌላ ነገር ሆነ። አንድ ኩባንያ በላይኛው ቴሎን ወንዝ አካባቢ ዩራኒየም ለመፈለግ ጠይቆ ነበር። ቦታው ለዴኔ የተቀደሰ ነው። የማኬንዚ ሸለቆ የአካባቢ ተጽዕኖ ገምጋሚ ቦርድ መንደሯ ድረስ መጥቶ ሽማግሌዎችን ሰማ። ከዚያም ፍለጋው አይፈቀድ አለ። ምክንያቱ በዋናነት የውሃ መመረዝ አልነበረም። በሕዝቡ ባህልና መንፈስ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ከባድ ነው የሚል ነበር። የፌዴራሉ ሚኒስትርም ተቀበለው። አንድ ኩባንያ በዚህ ምክንያት ሲመለስ ማየት ብርቅ ነው።

በ2019 በትክክል ምን ተፈረመ?

በመጀመሪያ የመንደሩ ሰው ድምፅ ሰጠ፤ አብዛኛው ደገፈ። ከዚያ ነሐሴ ውስጥ እዚያው ሉትሰል ኬ ፊርማው ተካሄደ። ሰዎቹ ወደ ዋና ከተማ አልተጠሩም፤ ሹማምንቱ ናቸው ወደ መንደር የመጡት።

መሬቱ በሦስት ዓይነት ጥበቃ ተከፈለ። ትልቁ፣ 14 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው፣ በፌዴራሉ ፓርክስ ካናዳ በኩል ብሔራዊ ፓርክ ሪዘርቭ ሆነ። ቀሪው በግዛቱ ሕግ የሚጠበቅ ነው። ከሁሉም በላይ ግን ሉትሰል ኬ በራሷ የዴኔ ሕግም ጥብቅ ምድር ብላ አውጃዋለች። ስለዚህ ባለቤትነቱን ከማንም የተቀበለች አይደለችም።

ውሳኔ የሚሰጠው የጋራ ቦርድ ነው። አባላቱ ከመንደሩ፣ ከፌዴራሉና ከግዛቱ መንግሥት ይመጣሉ። የሚወስኑት በመስማማት ነው። አደን፣ ማጥመድ፣ ወጥመድ መጣል ለዴኔ እንደቀድሞው ቀጥለዋል። በ1969 ያስፈራው ነገር በስምምነቱ ተዘጋ ማለት ነው።

ሁሉም ነገር እንደተመኙት ሆነ ማለት ግን አይደለም። ለጥናት ተከልሎ የነበረው መሬት 33 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ማዕድን ሊኖርበት ይችላል የተባለው ክፍል ከወሰኑ ውጭ ቀረ። ድርድር ነውና ሰጥተው ነው የተቀበሉት።

"ሪዘርቭ" የሚለው ቃል ለምን ተጨመረ? መሬቱ የማን ነው?

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ መልሱ ግን ወደኋላ ይወስደናል።

በ1900 የእነዚህ ሰዎች ቅድመ አያቶች ከእንግሊዝ ዘውድ ጋር ቁጥር 8 የተባለውን ውል ተፈራረሙ። በእንግሊዝኛ የተጻፈው ጽሑፍ መሬቱን አሳልፈው ሰጡ ይላል። ዴኔዎቹ ግን ሲወርድ ሲዋረድ የሰሙት ሌላ ነው። ውሉ የሰላምና የወዳጅነት ነው፤ አብረን እንኖራለን ተባባልን እንጂ መሬት አልሰጠንም ይላሉ። በቃል የተባለውና በወረቀት የሰፈረው አልተገናኙም።

በ1973 ጉዳዩ ፍርድ ቤት ቀረበ። ዳኛ ዊልያም ሞሮ በየመንደሩ እየተዘዋወሩ ሽማግሌዎችን ሰሙ። አንዳንዶቹ ውሉ ሲፈረም በቦታው የነበሩ ነበሩ። ዳኛው የዴኔ የመሬት መብት በእርግጥ መቋረጡ እጅግ አጠራጣሪ ነው ብለው ወሰኑ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ኋላ ውሳኔውን በሥነ ሥርዓት ምክንያት ሻረው። የሽማግሌዎቹ ቃል ግን ተመዝግቦ ቀረ። ከዚያ ወዲህ መንግሥት "ውሉ አልቋል" ብሎ ዝም ማለት አልቻለም።

ሉትሰል ኬ ያለችበት የአካይቾ ዴኔ የመሬት ድርድር ገና አልተቋጨም። "ሪዘርቭ" የሚለው ቃል የሚያመለክተው ይህንን ነው፦ መሬቱ ይጠበቃል፣ የባለቤትነቱ ጥያቄ ግን ክፍት ነው። ፓርኩን መቀበል ጥያቄውን መተው አይደለም።

30 ሚሊዮን ዶላር አገኙ ይባላል። ገንዘቡ ለማን ገባ?

ለማንም ኪስ አልገባም። አደራ ፈንድ ነው። ግማሹን፣ 15 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር፣ መንደሩ ኔቸር ዩናይትድ ከተባለ ድርጅት ጋር ሆኖ ከለጋሾች አሰባሰበ። ሌላውን 15 ሚሊዮን የፌዴራሉ መንግሥት አከለበት። ሐሳቡ ዋናውን ገንዘብ ሳይነኩ በሚያስገኘው ትርፍ ሥራውን ማስኬድ ነው።

ይህ ለምን አስፈለገ? በየዓመቱ በጀት መለመን ስለሚያደክም ነው። መንግሥት ሲቀየር በጀቱም ይቀየራል። ጠባቂዎቹ ሚያዝያ ላይ ተቀጥረው መስከረም ላይ ቢሰናበቱ መሬቱን ማን ያየዋል? የራስ ገንዘብ ካለ ሥራው አይቆረጥም። ወተቷን እየጠጡ ላሚቱን አለማረድ እንደማለት ነው።

የመሬት ጠባቂዎቹ እነማን ናቸው? ፖሊስ ናቸው?

ፖሊስ አይደሉም። ኒ ሃትኒ ዴኔ ይባላሉ፤ "ምድሩን የሚመለከቱ ሰዎች" እንደማለት። የተቋቋሙት በ2008 ነው። ልብ በሉ፣ ከፓርኩ 11 ዓመት ቀድመው ነው። ማንም ፈቃድ ሳይሰጣቸው መንደሩ ራሱ "መሬታችን ነው፣ እንጠብቀዋለን" ብሎ ጀመረው።

በበጋ በጀልባ ሐይቁን ይዞራሉ። የሚመጣውን እንግዳ ያነጋግራሉ፤ ከየት መጣህ፣ ስንት ዓሣ ያዝህ፣ የት አድራለሁ ብለህ አሰብህ ይሉታል። ውሃና ዓሣ ይመረምራሉ። የተቀደሱ ቦታዎችን ይንከባከባሉ። ያዩትን ይመዘግባሉ። መዝገቡ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። የመንግሥት ባለሙያ በዓመት አንዴ በአውሮፕላን አልፎ የሚያየውን እነሱ ከእሑድ እስከ እሑድ ያዩታል። ስብሰባ ላይ ሲቀርቡ "አያቴ ነግሮኛል" ብቻ ሳይሆን "በዚህ ቀን፣ በዚህ ቦታ ይህን አይተናል" ማለት ይችላሉ።

ሌላው ሥራቸው ማስተማር ነው። አንድ ወጣት ከአንድ ትልቅ ሰው ጋር ይወጣል። መረብ መጣል፣ በረዶው ሰው ይሸከም አይሸከም እንደሆነ መለየት፣ የቦታዎቹን ስም በዴኔ ቋንቋ ማወቅ ይማራል። ለዚህም ደመወዝ ይከፈለዋል። ይህ ነው እኔን የሚያስደስተኝ። በብዙ ቦታ የአባት እውቀት ያለው ወጣት ሥራ አጥ ነው ይባላል። እዚህ ያ እውቀት ራሱ ሥራ ሆነ።

ነገሩ በመንደሯ አልቀረም። በ2017 የካናዳ መንግሥት በአገሪቱ ላሉ ነባር ሕዝቦች የጠባቂ ፕሮግራሞች 25 ሚሊዮን ዶላር በአምስት ዓመት መደበ። ሉትሰል ኬ ያኔ ዘጠኝ ዓመት ሠርታበት ነበር።

ማዕድን ይጠላሉ ማለት ነው?

አይደለም። ይህ ጉዳይ ብዙ ሰው ያሳስታል።

ሉትሰል ኬ ከአልማዝ ኩባንያዎች ጋር ስምምነቶች ፈርማለች። በስምምነቶቹ መሠረት ለመንደሩ ሰው ሥራ፣ ለመንደሩ ድርጅቶች የኮንትራት ዕድል፣ ለመንደሩም ክፍያ ይመጣል። ዴኔሶሊን የተባለ የራሳቸው የንግድ ድርጅት አላቸው። ሠራተኛው በአውሮፕላን ወደ ማዕድኑ ይወሰዳል፤ ብዙውን ጊዜ ሁለት ሳምንት ሠርቶ ሁለት ሳምንት ቤቱ ይሆናል። ደመወዙ ጥሩ ነው። ግን አባት ወይም እናት የዓመቱን እኩሌታ ከቤት ውጭ ናቸው። ልጅ ያሳደገ ሰው የዚህን ክብደት ያውቀዋል። ገልፍ አገር ሆነው ቤተሰብ ለሚረዱ አንባቢዎቼ ማስረዳት አይጠበቅብኝም።

ሌላው ችግር ዕድሜ ነው። ስናፕ ሌክ በ2008 ተከፍቶ በ2015 ቆመ። ሰባት ዓመት! ዳያቪክም በ2026 ምርት እንደሚያቆም ባለቤቱ ካስታወቀ ቆይቷል። አልማዝ አንዴ ከወጣ አይበቅልም። ልጅ ተወልዶ አሥረኛ ክፍል ሳይደርስ የሚዘጋ ሥራ ላይ የመንደርን ዕጣ መጣል ያስፈራል። ለዚህ ነው ሁለቱን ጎን ለጎን የያዙት፦ ማዕድኑ እያለ ከማዕድኑ መጠቀም፣ ማዕድኑ ሲያልቅ የሚቀር ነገር ደግሞ ከወዲሁ መሥራት። "የትም አትቆፍሩ" አላሉም። "እዚህ አትቆፍሩ" ነው ያሉት።

ካሪቡ ምን ሆነ?

መጥፎ ዜና ነው። ባትረስት የተባለው መንጋ በ1980ዎቹ አጋማሽ 470 ሺህ ገደማ ነበር። በ2018 ሲቆጠር ወደ 8,200 ወርዶ ተገኘ። አልተሳሳትኩም፣ ቁጥሩን ደግማችሁ አንብቡት።

ምክንያቱ አንድ አይደለም። የአየር ንብረቱ ሞቋል፣ የሰደድ እሳት በዝቷል፣ መንገድና ማዕድን ተስፋፍቷል። ኤካቲና ዳያቪክ አካባቢ የተደረገ ጥናት ካሪቡ ከማዕድኖቹ እስከ 14 ኪሎ ሜትር ድረስ ቦታውን እንደሚሸሽ አሳይቷል። ጉድጓዱ በካርታ ላይ ነጥብ ነው። ለእንስሳው ግን ነጥብ አይደለም።

በ2020 ሉትሰል ኬ የራሷን የካሪቡ አያያዝ ዕቅድ አወጣች። እንዴት ይታደናል፣ እንዴት ይከበራል፣ ሥጋው እንዴት ይካፈላል የሚለው በዴኔ ሥርዓት ተጽፏል። ለሚበላው ሰው ለራሱ ገደብ ማውጣት ከባድ ነው። የተራበ ሰው ገደቡን ሲያወጣ ደግሞ ከቢሮ ከሚወጣ መመሪያ የበለጠ ይከበራል ብዬ አምናለሁ።

ቱሪዝሙስ ገንዘብ ያመጣል?

ያመጣል፣ ግን በልኩ። በምሥራቃዊው ክንድ የታወቀ የዓሣ ማጥመጃ ሎጅ ነበር፣ ፍሮንቲየር ሎጅ የሚባል። ሀብታም እንግዶች ትልልቁን የሐይቅ ትራውት ለመያዝ ይመጡበት ነበር። አሁን ሎጁ የመንደሩ ንብረት ነው። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። ድሮ የዴኔ ሰው የሚሠራው መሪ ሆኖ በደመወዝ ነበር፤ ትርፉ ወደ ሌላ ቦታ ይሄድ ነበር።

ቱሪስቱ የሚመጣው በአጭሩ የበጋ ወራት ነው። አውሮፕላኑ ውድ ነው። ዓሣውም በዚያ ቀዝቃዛ ውሃ በጣም በዝግታ ነው የሚያድገው፤ ትልቅ ትራውት ካያችሁ የብዙ አሥር ዓመታት ዕድሜ ያለው ነው። ስለዚህ እንግዳ ማብዛት አይቻልም፣ አይፈለግምም። ጥቂት እንግዳ፣ ጥሩ ክፍያ፣ የያዘውን ወደ ውሃ የሚመልስ።

ለ300 ሰው ይህ ሁሉ በቂ ነው?

በቂ አይደለም። እውነቱን መናገር ይሻላል። ጥቂት የጠባቂነት ሥራ፣ የፓርክስ ካናዳ ሥራ፣ ሎጁ፣ ኮንትራቱ፣ የማዕድኑ ደመወዝ፣ ሁሉም ተደምሮ ነው መንደሩ የሚቆመው። የቤት ችግር አለ። መብራቱ በዋናነት በናፍጣ ነው የሚመነጨው፤ ናፍጣው ደግሞ ከሩቅ ይመጣል። የራሳቸውን ትንሽ የፀሐይ ኃይል ተክለው ኤሌክትሪክ ለኃይል ኩባንያው መሸጥ ጀምረዋል። በጨለማው ክረምት ግን ፀሐይ የምትታየው ለጥቂት ሰዓት ብቻ ነው።

ቢሆንም አንድ ነገር ማየት ያስፈልጋል። ከእነዚህ ሥራዎች ብዙዎቹ ሰው ከመንደሩ ሳይወጣ የሚሠራቸው ናቸው። ትንሽ መንደር የሚሞተው በድህነት ብቻ አይደለም። ወጣቱ ሲወጣና ሳይመለስ ሲቀር ነው።

ሌሎችስ ተከተሏቸው? ከኢትዮጵያ ጋር የሚያገናኝ ነገር አለ?

ተከትለዋል። ኅዳር 2024 ላይ በዚያው ግዛት ቤህቾኮ በተባለ ቦታ ትልቅ ስምምነት ተፈረመ። 375 ሚሊዮን ዶላር ነው፤ 300ው ከፌዴራሉ መንግሥት፣ 75ቱ ከለጋሾች። ከ20 በላይ የነባር ሕዝብ መስተዳድሮች የገቡበት ነው። የታይደኔ ኔኔ ፈንድ አሠራር በትልቁ ተደገመ ማለት ይቻላል።

ከእኛ ጋር የሚያገናኛቸው አንድ ነገር አለ። በ2020 ሉትሰል ኬ የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የሚሰጠውን የኢኳቶር ሽልማት አገኘች፤ ከካናዳ የመጀመሪያዋ ናት። ያንኑ ሽልማት በ2012 የወሰደችው ትግራይ ያለችው አብርሃ ወአጽብሃ ናት። እዚያ ሕዝቡ የተራቆተ ተራራ ከልሎ፣ እርከን ሠርቶ፣ የደረቀ ምንጭ መልሷል። አንዱ ገና ያልተነካ ምድር ጠበቀ፣ ሌላው የተጎዳውን አዳነ። ሁለቱም ቦታ የጀመረው ነዋሪው ነው።

የሎውናይፍ ነው የምኖረው። ሄጄ ማየት እችላለሁ?

የሎውናይፍ ውስጥ የእኛ ሰው እንዳለ አውቃለሁና ጥያቄው አልገረመኝም። ትችላላችሁ። ከከተማው ወደ ሉትሰል ኬ መደበኛ በረራ አለ። ከመነሳታችሁ በፊት ለፓርኩ ቢሮና ለመንደሩ አሳውቁ፤ ስትደርሱም ራሳችሁን አስተዋውቁ። ሐይቁ በድንገት ይናወጣል፣ ስለዚህ የአገሩን ሰው መሪ ሳትይዙ በጀልባ አትውጡ።

በሎክሃርት ወንዝ ላይ አንድ ፏፏቴ አለ። ዴኔዎቹ ጻኩይ ቴዳ ይሉታል፤ የፏፏቴዋ አሮጊት ማለት ነው። አንዲት እናት እዚያ ተቀምጣ ትጠብቃቸዋለች ብለው ያምናሉ። ለፈውስና ለምክር ወደ እሷ ይሄዳሉ፤ በየበጋው ሕዝቡ እዚያ አካባቢ ተሰብስቦ ይሰነብታል። በአንድ ወቅት የኤሌክትሪክ መስመር በዚያ በኩል ሊዘረጋ ታቅዶ ነበር፣ መንደሩ ተቃወመ። ወደ ፏፏቴው የሚሄድ እንግዳ ከመንደሩ ሰው ጋር ነው የሚሄደው። ጸበል ቦታ ላይ እንደምታደርጉት፣ ዝግ ብላችሁ፣ ድምፃችሁን ቀንሳችሁ ቅረቡ። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት የወሰዳችሁን ሰው ጠይቁ።